በኢሜይል የሚመጣ ቫይረስና የማኅበራት መዝገብ

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ድንች የሚያመርት ገበሬ፣ ላዩ ያማረ ዘር አጠውልግ የተባለውን በሽታ ይዞ ማሳ ሊገባ እንደሚችል ያውቃል። የኮምፒዩተር ቫይረስም አገባቡ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ነበር በኢሜይል የተላከው። አባሪውን የከፈተ ሰው ፋይሎቹ ተበላሹበት፤ ቫይረሱም በአድራሻ መዝገቡ ላሉት ሁሉ በእርሱው ስም ራሱን አዛመተ። ስለዚህ «ላኪውን አውቀዋለሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የካናዳው ሲትዝን ላብ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናትም፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የደረሳቸውን ቪዲዮ ለማየት ሲሞክሩ «አዶቤ ፍላሽን አድሱ» በሚል ሰበብ የስለላ ፕሮግራም እንዲጭኑ መገፋፋታቸው ተገልጿል።

እንጅባራ ላይ ማጥመጃው ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። ጥር 23 ቀን ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የጥሪ ወረቀት፣ ወይም የማዳበሪያ ድልድል ተብሎ ቢመጣ የማይከፍተው ማን ነው?

የማኅበር መሪዎች ጉዳዩን ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ሊተዉት አይገባም፤ የአባላቱ የቁጠባና የብድር መዝገብ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ የሚጠፋው የሁሉም ሀብት ነውና። ያልተጠበቀ አባሪ ሲደርስ አስቀድሞ ወደ ላኪው መደወል ያስፈልጋል፤ የሚደወለውም ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ እንጂ በደብዳቤው ላይ በሰፈረው ቁጥር አይደለም። ሰነዱ ተከፍቶ «ማክሮ ይፈቀድ» ብሎ ከጠየቀ ወዲያው መዝጋት ነው። የመዝገቡ ቅጂ በየሳምንቱ በፍላሽ ይወሰድ፤ ዋጋው ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ አይበልጥም። ፍላሹ ግን ተሰክቶ ከከረመ ከዋናው መዝገብ ጋር አብሮ ሊበላሽ ስለሚችል ተነቅሎ በካዝና ይቀመጥ፣ ተረካቢውም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።