ያልወደደው ሁሉ አላዋቂ ነውን?

በመኝታ ቤታችንና በምግብ አዳራሻችን ከፈተናና ከእግር ኳስ ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ጉዳይ ፊልም ነው። ክርክር መኖሩን አንጠላም፤ ተማሪ የማይከራከርበት ነገር ከወዴት ይገኛል? ያሳሰበን ክርክሩ የሚያልቅበት መንገድ ነው። አንዱ «ይህን ፊልም ሳታየው እንዳትቀር» ብሎ ለጓደኛው ይሰጠዋል። ጓደኛው አይቶ «እንቅልፍ አመጣብኝ» ያለ እንደ ሆነ ግን ወቀሳው ከፊልሙ አልፎ በሰውዬው ላይ ይወርዳል። «አንተ ምን ታውቃለህ!» ይባላል። እርሱም በበኩሉ «አንተስ ፈረንጅ ያደነቀውን ሁሉ የምታደንቅ አይደለህም ወይ!» ሲል ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ የሚነገር ነገር የለም።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ከእኛ መካከል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፊልም ሲያይ ያደገ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ ሲኒማ ቤት ረግጦ የማያውቅም አለ። ይህኛው የወደደውን ፊልም ስም አንድ ጊዜ ተናግሮ ከተሳቀበት ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ምላስ አጥንት ባይኖራት አጥንት ትሰብራለች። ለቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን የሚታየው ፊልም ሲመረጥ ዝም ይላል፤ ዝምታውም አስተያየት እንደ ማጣት ይቈጠርበታል። እንዲህ እያለ ምርጫው ድምፃቸው ከፍ ባለ በአምስት በስድስት ሰዎች እጅ ይወድቃል። ኋላም አዳራሹ ባዶ ሲሆን «ተማሪው ጥበብ አይወድም» እየተባለ ይታዘናል።

ለመሆኑ «ይህ ፊልም ያለ ጥርጥር ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ የመጨረሻ ፍርድ ሊሰጥ የሚችል ማን ነው? የእንግሊዝ ፊልም ተቋም የሚያሳትመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት በየ10 ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን ድምፅ ይሰበስባል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) አንደኛ የወጣው የኢጣሊያዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ይዞ ኖረ። በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» አስለቀቀው። በ2022 ደግሞ ቤልጂጋዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲየልማን» አንደኛ ሆነ። ይህ ፊልም ከ3 ሰዓት በላይ የሚፈጅና አንዲት ሴት ድንች ስትልጥ፣ ቤቷን ስታሰናዳ ረጅም ጊዜ የሚያሳይ ነው። ሥራዬ ብለው የያዙት ሊቃውንት በ70 ዓመት ውስጥ አራት ልዩ ልዩ ፊልሞችን አንደኛ አድርገው ከሾሙ፣ እኛ በአንድ ማታ የማይሻር ፍርድ ለመስጠት የምንቸኩለው ለምንድን ነው?

ይህን ስንል ግን «የጣዕም ነገር ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይውደድ» ብለን ክርክሩን ለመዝጋት አይደለም። ይህ አነጋገር ትሕትና ቢመስልም ስንፍና ነው። ሰው ለወደደበት ምክንያት የለውም ማለት ከሆነ ለመነጋገርም ምክንያት አይኖርም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ስለ ጣዕም ሚዛን በጻፈውና በ1757 ባሳተመው ድርሰቱ ከሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» የወሰደውን አንድ ታሪክ ያነሣል። ሁለት ዘመዳሞች ከአንድ በርሜል ወይን ጠጅ ቀመሱ። አንዱ «ጥሩ ነው፤ ብቻ ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሁለተኛው «ጥሩ ነው፤ ብቻ ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው የብረት ቁልፍ ተገኘ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ የሳቁት ግን አንዱንም አልቀመሱትም። ስለዚህ ከእኛ ጋር ያልተስማማውን ሰው አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባ «ምን ምን አለህ?» ብለን ነው።

ወደ ራሳችን አገር ፊልሞች እንምጣ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። አንድ ጓደኛችን «ታሪኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየዘለለ አደከመኝ» ቢል፣ የሽልማቱን ስም መጥራት መልስ አይሆነውም። «ከጀርመን አገር ወደ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ያለፈውን የሚያስበው እየተቈራረጠ ነው፤ ፊልሙም የእርሱን ትዝታ ይከተላል» ብንለው ግን ባይወደውም እንኳ የሚያይበት በር ይከፈትለታል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን የፊልም በዓል በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ከተማ ያደገው «አንድ ልጅና አንድ በግ፤ ሌላ ምን አለው?» ይል ይሆናል። በግ ሲጠብቅ ያደገው ተማሪ ግን ልጁ ከበጉ ለመለየት ለምን እንደሚፈራ ሊነግረን ይችላል። እነሆ፣ በሳቅ ዝም ያሰኘነው ሰው የቆዳውን ጣዕም የለየው ቀማሽ ነበር።

የህንድ ፊልም ወዳጆችም የሚደርስባቸው እንደዚሁ ነው። የመህቡብ ካንን «ማዘር ኢንድያ» (1957) «ዘፈን ይበዛበታል» ብሎ የሚንቀው ሰው፣ በአራጣ አበዳሪ ዕዳ የተያዘችውን የገበሬ እናት ልብ ብሎ አላያትም። ይህንኑ ፊልም ስለ ጭሰኛና ስለ ባለርስት ከሚናገረው ከኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (1976) ጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ግን፣ ሁለት አገሮች አንዱን ችግር በሁለት አንደበት እንዴት እንደ ተናገሩት ያገኛል። አንዱ በዘፈን፣ አንዱ በዝምታ ነው። ይህም ለአንድ ማታ ጥሩ መወያያ ይሆን ነበር።

«ለመዝናኛ ይህን ያህል ነገር ማብዛት ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ እንደማይጠፉ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ደክሞት ሊስቅ ብቻ ፊልም የሚያይ ሰው መብቱ ነው፤ ለማንም ምክንያት የመስጠት ዕዳ የለበትም። ነገር ግን ለሌላው «እይ» ብሎ የመከረ ሰው የጓደኛውን ሁለት ሰዓት ወስዷል። ስለ ፊልም ተቃዋሚውን ማዳመጥ ያልተማረ ሰው፣ ነገ ስለ ከባዱ የአገር ጉዳይ ሲከራከር ያዳምጣል ብለን ተስፋ ማድረግ ያዳግተናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የመዝናኛ ኮሚቴ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፤ የቅዳሜው ፊልም ምርጫ በየመኝታ ቤቱ በተራ ይዙር፤ ተራው የደረሰውም ፊልሙን ለምን እንደ መረጠ በሦስት መስመር ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ሁለተኛ፤ ከፊልሙ በኋላ 20 ደቂቃ ለውይይት ይመደብ፤ በመጀመሪያም ፊልሙን ያልወደዱት ይናገሩ፤ የሰለቻቸው ከየትኛው ቦታ ጀምሮ እንደ ሆነ ያመልክቱ። ሦስተኛ፤ በውይይቱ ሽልማትና የአገር ስም እንደ ማስረጃ አይጠሩ፤ የታየው ይነገር።

መምህሮቻችንም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እንደ ማንኛችንም የወደዱትንና ያልወደዱትን ቢነግሩን ደስ ይለናል፤ ማርክ የማይሰጡበት አንድ ማታ ይሆንላቸዋል። የፊልሙን ስም ለማስመዝገብ የሚፈራ አዲስ ተማሪ ካለ ደግሞ፣ ወረቀቱን ስሙን ሳይጽፍ በኮሚቴው ሣጥን ይጨምር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና፣ ብቻችንን ያላየነውን እርሱ ሊያሳየን ይችላል።