የእድሩ ወንበር ይውጣ

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። በመጀመሪያ የሚታወቀው ከመቀመጫ ሲነሱ ነው። ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ አዛውንቷ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ። አንዴ ሞክረው ይመለሳሉ። ሁለተኛ ሲሞክሩ የልጅ ልጅ ሮጦ ብብታቸውን ይይዛል። «አይነሱ እማማ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ በየቀኑና ለዓመታት ሲደጋገም ግን እግራቸው ላይ የቀረችውን ጡንቻ ሥራ ፈት ያደርጋታል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ይከሳል።

ዓመታት አልፈው እኚሁ እናት መድኃኒታቸውን ያኖሩበት ሲጠፋባቸው፣ የጀመሩት ወሬ መሐል ላይ ሲያመልጣቸው፣ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ይታለፋል። የጉልበቱ ድካም ለብቻው፣ የመርሳቱ ነገር ለብቻው ይታያል። ሁለቱ ግን የሚገናኙበት መንገድ ብዙ ነው። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው፤ ሲከሳ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ የስኳር በሽታም የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። እግሩ የደከመ ሰው ይወድቃል፣ ጭንቅላቱን ይመታል። አንዴ የወደቀ ደግሞ መውጣት ይፈራና ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከመስጊዱም፣ ከጎረቤቱም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን ሊከላከሏቸው ይቻላል ብሎ በዘረዘራቸው 14 የመርሳት በሽታ አጋላጭ ሁኔታዎች ውስጥ የስኳር በሽታ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ የጭንቅላት ጉዳትና ከሰው መገለል አራቱም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመርሳት በሽታ የተያዘውን ሰው ብዛት 57 ሚሊዮን ያደርሰዋል፤ ከዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖረው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

«አሁንማ ረፈደ» ለሚል ሁሉ መልሱ በቦስተን ከተማ ከተሰጠ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማሪያ ፊያታሮን የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ባሉ አሥር ሰዎች ላይ ነበር። ታናሹ 86፣ ታላቁ 96 ዓመታቸው ነበር። ከአሥሩ ሦስቱ በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት አይችሉም። ለእነዚህ ሰዎች የተሰጠው እጅን የማወናጨፍ ቀላል ጨዋታ አልነበረም። እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ማንሳት ከሚችሉት ትልቁ ክብደት ወደ 80 በመቶ የሚደርሰውን፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ8 ሳምንት በእግራቸው እንዲያነሱ ተደረገ። ጎረምሳን ላብ በላብ የሚያደርግ ሥራ ነው። ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ማለትም ከነበረው ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ። ሁለቱ ከዘራቸውን አስቀምጠው መሄድ ጀመሩ። መነሳት ካቃታቸው ሦስት ሰዎችም አንዱ እጁን ሳይደገፍ ተነሳ። ልምምዱ ሲቋረጥ ግን በአራት ሳምንት ውስጥ ከጉልበታቸው ሲሶ ያህሉ ተመልሶ ሄደ።

ያ ሰው ሳይደገፍ የተነሳበት ዓይነት ወንበር በየሰፈሩ በደርዘን በደርዘን ተደራርቦ ተቀምጧል። ባለቤቱ እድር ነው። ወንበሩ ይውጣ።

የጉልበቱ ትርፍ እግር ላይ ብቻ አይቀርም። በካናዳ ቫንኩቨር ቴሬሳ ሊዩ-አምብሮስ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ከ65 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን 155 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታተለ። አንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሌላው ሁለት ቀን ክብደት ያነሳል፤ ሦስተኛው ሚዛን የመጠበቅና የማፍታታት እንቅስቃሴ ይሠራል። የአእምሮ መለኪያው እንዲህ ነው፦ «ቀይ» የሚል ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይቀርባል። የሚጠየቀው የቀለሙ ስም ነው። ዓይን ቃሉን ያነባል፣ አፍ «ቀይ» ሊል ይቸኩላል፤ አንጎል ይህን ገትቶ «ሰማያዊ» ማለት አለበት። መንገድ ሲሻገሩ መኪናውን አይቶ እግርን የሚይዘው፣ የገበያ ሒሳብ ሲቆጠር ሐሳብን የሚሰበስበው ይኸው ችሎታ ነው። ከዓመት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ያነሱት በ12.6 በመቶ፣ ሁለት ቀን ያነሱት በ10.9 በመቶ ተሻሻሉ፤ ሦስተኛው ቡድን በግማሽ በመቶ ዝቅ አለ። በሳምንት አንድ ቀን! ይህን ያህል ጊዜ የሌለው አዛውንት፣ ይህን ያህል ጊዜ የማይሰጥ ልጅም የለም።

የቦስተኗ ሐኪም በኋላ ወደ አውስትራሊያ ሄደው በሲድኒ ሌላ ሥራ መሩ። ተሳታፊዎቹ ከ55 ዓመት በላይ የሆኑና የማስታወስ ችሎታቸው መድከም የጀመረ 100 ሰዎች ነበሩ። ለስድስት ወር ከበድ ያለ ክብደት ያነሱት በአእምሮ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት አገኙ። ከጀመሩ ከ18 ወር በኋላ በተነሳው የአንጎል ምስል ላይ ደግሞ ትዝታ የሚቀረጽበትና በአልዛይመር በሽታ ቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ በአንዳንድ ክፍሎቹ ክብደት ካላነሱት ሰዎች ይልቅ ተጠብቆ ታየ። ይህ የያዘን የመርሳት በሽታ ያድናል ማለት አይደለም። በጊዜው የተጀመረ ልምምድ አንጎልን ያግዛል ማለት ነው፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ አንድ ቀን ማባከን አይገባም።

መራመድ ጥሩ ነው፤ ለልብም ለመንፈስም ይጠቅማል። ጡንቻን ለማጠንከር ግን ብቻውን አይበቃም። ስግደት የሚያዘወትሩ አባቶችና እናቶች ወድቀው በተነሱ ቁጥር እግራቸውን ያሠራሉ፤ ብዙዎች የሚያቆሙት ግን ጉልበት ሲከዳቸው፣ ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ዕድሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያስተባብር እንቅስቃሴ ይመክራል። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረጃውን ፈርተው ከቤት ለማይወጡ፣ በባዕድ አገር የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሄደው ክረምቱን ሶፋ ላይ ለሚያሳልፉ ወላጆች አንድ ወንበርና አንድ ጀሪካን ውኃ ይበቃል።

እድር ለአባሉ የሚደርሰው መቼ ነው? አባሉ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለአንድ ሰው ሲል ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል። ይህን የመሰለ መሰባሰብ፣ ይህን የመሰለ መዋጮና ንብረት ያለው ሰፈር፣ ያው አባል በሕይወት እያለ ከመቀመጫው መነሳት ሲያቅተው ዝም ብሎ ማየቱ ያሳፍራል። አባሉ ወድቆ ዳሌው እስኪሰበር፣ የልጁን ስም እስኪረሳ መጠበቅ ያሳፍራል። የእድር ዳኞች በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ አጀንዳ ያድርጉት። ንብረት ያዡ የመጋዘኑን ቁልፍ ይስጥ። ወጣቶች «አይነሱ» ማለቱን ትተው «አብረን እንነሳ» ይበሉ። ጥሩምባው ለቀብር ብቻ አይነፋ። ወንበሩ ዛሬ ይውጣ፤ አዛውንቱ በሕይወት እያሉ ይውጣ!

አሠራሩ፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሐሉ የዕረፍት ቀን ኖሮ፣ 40 ደቂቃ፤ ለጀማሪ አንድ ቀንም ይበቃል። ወንበሩ የማይንሸራተት ይሁን፣ ጀርባው ግድግዳ ይንካ። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ መነሳት፣ ሦስት እየቆጠሩ በቀስታ መቀመጥ፤ ያልቻለ በእጁ ይደገፍ፣ አጠገቡ ሰው ይቁም። ግድግዳ መግፋት። የወንበር ጀርባ ይዞ በእግር ጣት መቆም። ውኃ የያዘ ጀሪካን ማንሳት፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ዙር፤ 12ቱ ሲቀል ውኃ ይጨመር። ትንፋሽ አይያዝ። በመጀመሪያው ቀን ሳይደገፉ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደገም። ጡንቻን ለመመገብ በጾምም ሽሮና ምስር ከማዕድ አይጉደል። የደረት ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የቅርብ ጊዜ ስብራት ወይም ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምዝገባው በየእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይሁን።