ከመሬት ያልራቀ ቤት

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ሮክፎርድ ከተማ የሚገኘው የሎረንት ቤት አንድም ደረጃ የለውም። ያሠራው ኬኔት ሎረንት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ በአከርካሪው ላይ ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ቤት እንዲነድፍለት ለታዋቂው አርክቴክት ለፍራንክ ሎይድ ራይት ደብዳቤ ጻፈ፤ በ1952 ከባለቤቱ ጋር ቤቱ ውስጥ ገባ። አካል ጉዳተኞችን ከመድልዎ የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1990 ነው፤ ቤቱ ሕጉን በ38 ዓመት ቀድሞታል።

ራይት ዩሶኒያን እያለ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች ከነደፋቸው ቤቶች አንዱ ነው። በአትክልቱ በኩል ያለው የመስታወት ግድግዳ እንደ ቀስት ታጥፏል። የሳሎኑ ወለልና የውጭው ንጣፍ በአንድ ልክ ስለሆኑ ዊልቸሩ የሚሰናከልበት ደፍ የለም። ማሞቂያው ወለሉ ውስጥ ተቀብሯል፤ መተላለፊያው ሰፊ፣ የመብራት ማብሪያው ዝቅ ያለ ነው። የቤት ዕቃው ሳይቀር የተነደፈው በተቀመጠ ሰው ቁመት ነው። ቤቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ተቀምጠው ሲያዩት ነው።

ይህ ዓምድ ከደረጃ ጋር ያለው ጠብ የቆየ ነው። ለዊልቸር የሚመች ቤት ሲባል ሆስፒታል የሚታያቸው ሰዎች ሮክፎርድን ቢያዩ ጥሩ ነበር። እዚያ ቤቱን ከመሬቱ ጋር ያስማማውና ለባለቤቱ ያመቻቸው ውሳኔ አንድ ነው፤ ቤቱ ከመሬት አልራቀም።

በአዲስ አበባ ግን ቤት የሚከበረው ከፍ ሲል ነው። ተዳፋቱ በዶዘር ይቆረጣል፣ መሠረቱ በድንጋይ ይነሣል፣ በሩ ላይ ለመድረስ ደረጃ ይወጣል። የዚህ ልማድ ብቸኛ ጠንካራ መከራከሪያ ክረምት ነው፤ ወለሉ ካልተነሣ ጎርፍ ይገባል ይባላል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ደረጃ ብቻ አይደለም። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረጋል፣ በሩ ፊት በብረት ፍርግርግ የተከደነ ቦይ ይዘረጋል፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል።

ወለሉ የግድ መነሣት ካለበትም ስሌቱ ቀላል ነው። የተለመደው የራምፕ ልክ 1 ለ12 ስለሆነ 45 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 5.4 ሜትር ያስፈልጋል። 1 ለ20 ከሆነ 9 ሜትር ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ ራምፕ መሆኑ ቀርቶ በአትክልት መካከል የሚያልፍ መንገድ ይሆናል። በተዳፋት ላይ ደግሞ በሩን ከላይኛው በኩል ማድረግ ብዙ ጊዜ ከዶዘርም ከደረጃም ያድናል። ከበሩ በላይ ያሉት ዛፎችም ሳይነኩ ይቀራሉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ አካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዘዘው በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነው። የግል ቤት ለባለቤቱ ማስተዋል ተትቶ ነበር። ባለቤቱ ደግሞ የጡረታ ቤቴ ብሎ በሚሠራው ጂ ፕላስ ዋን መኝታ ክፍሉን ፎቅ ላይ ያደርገዋል። ከውጭ አገር ገንዘብ ልኮ ለእናቱ የሚያሠራውም እንዲሁ ነው። እናት ጉልበታቸው ሲደክም ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፍላቸዋል፣ ፎቁ ላይ እንግዳ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ችግሩ ዊልቸር እንኳ አይደለም፤ ዕድሜ ነው፣ እሱ ደግሞ ማንንም አይዘልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። ምድር ቤት አንድ መኝታ ክፍልና አጠገቡ መታጠቢያ ይበቃል። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር ያሳልፍ፤ ውስጡም ዊልቸር የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። ከቤት ሁሉ ጠባቡ በር አብዛኛውን ጊዜ የመታጠቢያው ነው፤ እሱን ለማስፋት ደግሞ ጊዜው ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ነው።