ከቆቦ ሜዳ በታች ያለው መዝገብ

አገርን ማወቅ ማለት የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ዘመን በቃል መያዝ ብቻ እንዳልሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆንብናል። ሆኖም ከወልድያ ተነሥቶ ወደ አላማጣ ሲጓዝ የቆቦን ሜዳ የሚያቋርጥ መንገደኛ የማሽላውን ማማር ያደንቃል፥ የቆላውን ሙቀት ያማርራል እንጂ፥ የረገጠው ምድር እንዴት ተሠራ፥ ዕድሜውስ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

ዳይኖሰር የሚባለው የጥንት እንስሳ ስም ዛሬ በሕፃናት አፍ እንኳ የተለመደ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1842 ያወጣለት እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ነበር። ተማሪዎቻችንም፥ «ይህ እንስሳ በእኛ አገር ነበረን? በራያ ምድርስ ይገኝ ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱም ለሁለት ይከፈላል።

በአገራችንስ ነበረ። ማርክ ጉድዊን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፥ በዓባይ ተፋሰስ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ደለል ውስጥ፥ ከዓሣና ከሌሎች እንስሳት ቅሪት ጋር የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውን አስታውቀዋል። ግዙፍ አጽም አይደለም፤ ጥርስ ነው። ነገር ግን ጥርስ ምን ይበላ እንደ ነበረና ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለሚያውቅበት ሰው ይናገራል።

በቆቦ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሜዳውን በምዕራብ የከበቡት የላስታ ተራሮች፥ በምሥራቅም የዞብል ተራራ፥ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ናቸው። የሰሜኑን ደጋችንን የሸፈነው ይህ ድንጋይ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዳይኖሰሮች ግን ከወፎች ወገን በቀር የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። እንግዲህ ዳይኖሰርን በዚህ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ መፈለግ፥ ሟቹን ከሞተ በኋላ በተሠራ ቤት ውስጥ እንደ መፈለግ ነው። ሜዳው ራሱ ደግሞ ከተራሮቹ ያንሳል፤ የአፋር ምድር ሲሰነጠቅ በስንጥቆቹ መካከል የሰመጠውን ስፍራ፥ ጎርፍ ከደጋው እያጠበ ያመጣው አፈር፥ አሸዋና ጠጠር የሞላው ነው። በዳይኖሰር ዘመን የተነጠፈውን የኖራ ድንጋይ ለማየት የሚሻ ወደ ሰሜን፥ ወደ መቀሌ አካባቢ መዝለቅ አለበት፤ በዚያ የላይኛው ልባስ ተሸርሽሮ የታችኛው ገጽ ተገልጧል።

ይህን የሰማ ሰው፥ «እንኪያስ ለራያ ልጅ ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመዋል?» ሊል ይችላል። እኛ በዚህ አንስማማም። «እዚህ አይገኝም» ብሎ በምክንያት መናገር ራሱ ዕውቀት ነው፤ የት ይገኛል ለሚለውም መንገድ ይከፍታል። በእሳተ ገሞራ በተሸፈነው ደጋችን ከጎንደር ምዕራብ በጭልጋ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 27 ሚሊዮን ዓመት ያለፋቸውን የዝሆን ወገን የሆኑ እንስሳት ቅሪቶች አስታውቋል። ከራያ ተራሮች በስተምሥራቅ ባለው በአፋር ምድርማ፥ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን የማያውቅ የለም።

ትንሽ ነገር እንዳይናቅ ሌላም ምሳሌ እንጨምር። የዳይኖሰሮች መነሻ የት ነው ለሚለው ጥያቄ፥ ጥርጥር የሌለባቸው ቀደምት አጥንቶች ከ230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሲሆኑ በአርጀንቲና ተገኝተዋል። ነገር ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዛሬዋ ታንዛንያ ተለቅመው የተቀመጡ ጥቂት የክንድና የአከርካሪ አጥንቶች ነበሩ። ተጠንተው ኒያሳሳውሩስ የሚል ስም ወጥቶላቸው የታተመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከአርጀንቲናዎቹም በ10 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀድሙ፥ ባለቤታቸው የመጀመሪያው ዳይኖሰር ካልሆነ የቅርብ ዘመዱ ነው ተባለ። ከ80 ዓመት ያህል በኋላ ሊነበቡ የቻሉት፥ አጥንቶቹ ከነተገኙበት ስፍራ ማስታወሻ ስለ ተጠበቁ ነው።

ስለዚህ ነው ቃላችንን ወደ ወጣት ሹማምንት የምናዞረው። በራያ ቆላ ለመስኖና ለመጠጥ ጥልቅ ጕድጓድ ይቆፈራል፤ ለመንገድ ጠጠር ይወጣል፤ ለመሠረት መሬት ይታረሳል። መቆፈሪያው ከመሬት ሆድ የሚያወጣው ጭቃና አሸዋ ማንም ሳያየው የሚደፋ ከሆነ፥ ገጹ ሳይነበብ ተቀደደ ማለት ነው። ሐምሌ ያጠበውን ማሳ መስከረም ላይ እንደ ገና ማረስ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ በዶዘር የተፈጨ አጥንት ግን ዳግመኛ አይገኝም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስን በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ያገኘውን እንዲጠብቅ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ሥራ ተቆጣጣሪው ሕጉን ካላወቀ ግን ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

«ሕዝቡ ውሃና እህል ሲሻ ስለ አጥንት ታወራላችሁ» የሚለን አይጠፋም። ረኃብን ለሚያውቅ አገር ይህ ቃል ክብደት አለው፤ በቀልድም አናልፈውም። ነገር ግን ውሃ ፈላጊውና አጥንት ፈላጊው የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነው። ሸክላ አፈር ውሃን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ አሸዋና ጠጠር ግን ይይዛል፥ ያሳልፋልም። የቆቦ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃም በእነዚሁ ጎርፍ ባመጣቸው ንጣፎች ውስጥ ያለ ነው። የትኛው ንጣፍ በየትኛው ሜትር እንደ ተገኘ በጥንቃቄ የጻፈ ሠራተኛ፥ ለገበሬው ውሃን ለሊቁም ታሪክን ጠበቀ። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም።

የምንጠይቀው ታላቅ ገንዘብ አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ጎሊና ወንዝ ዳር ወስዶ ወንዙ የቆረጠውን ግድግዳ ንጣፍ በንጣፍ ያስቆጥራቸው። ተማሪው ባዕድ የሆነ አጥንት ወይም ጥርስ ቢያይ ከስፍራው ሳይነቅል ያስታውቅ፤ ስፍራውን ያጣ አጥንት ገጹ እንደ ጠፋ ጥቅስ ነውና። ሹሙም የቀረበለትን ወሬ አቃልሎ ፋይል ውስጥ አይቅበረው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአፋር ሚሌ ወረዳ፥ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በሚመሩት ጥናት 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ራስ ቅል ሲገኝ፥ የመጀመሪያውን ቁራጭ ያየው የአካባቢው ሰው ነው። የሊቁ መሣሪያ የሚከተለው የእንዲህ ያለውን ሰው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ለራያም ልጅ አልተነፈገውም።