ሦስተኛው ዋንጫ

የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ በተከታታይ አንስቷል። በ2024-25 የውድድር ዘመን ሦስተኛውን ያልም ነበር። ከ1967 እስከ 1973 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ካሸነፈው ዩሲኤልኤ ወዲህ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የለም፤ ዱክና ፍሎሪዳም በተከታታይ ከሁለት አላለፉም።

በ2023-24 የውድድር ዘመን 37 ጨዋታ አሸንፎ በ3 ብቻ የተረታው፣ በፍጻሜውም ፐርዱን 75 ለ60 የረታው ቡድን ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች አራቱን አጥቶ ነበር። ስቴፎን ካስል፣ ዶኖቫን ክሊንገን፣ ትሪስተን ኒውተንና ካም ስፔንሰር በኤንቢኤ ምልመላ ተመርጠዋል። የቀረው በሁለቱም ዋንጫዎች ቋሚ የነበረው አሌክስ ካራባን ነበር።

ትልቁ ተስፋ ግን አሰልጣኙ ነበሩ። ዳን ኸርሊ የሎስ አንጀለስ ሌከርስን ጥሪ ሳይቀበሉ ቀርተዋል፤ ተጫዋቾች ያለ ኳስ ያለ ዕረፍት የሚንቀሳቀሱበት ውብ አጨዋወትም አብሯቸው ቆይቷል። ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣው ሊያም ማክኒሊና ከሴንት ሜሪስ የተዛወረው ኤይዳን ማሃኒ የማጥቃቱን ክፍተት ይሸፍናሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

አሳሳቢው መከላከሉ ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ15 የሚበልጠው ክሊንገን ቅርጫቱ ሥር የነበረውን ግርማ የቶጎ ተወላጁ ሳምሶን ጆንሰንና ከሚሺጋን የመጣው ታሪስ ሪድ ተጋግዘው መተካት ነበረባቸው።