«ማን ሄዶ አየው?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማንም ሄዶ ያላየውን ነገር ፍጥነት በምን አወቁት?» አለኝ። ሊደወል ስለነበር «ሳይንቲስቶች አረጋግጠውታል» ብዬ አለፍኩት። ቤት ስገባ አፈርኩ። ይሄ እኮ «ዝም ብለህ እመን» ማለት ነው!

እስቲ አሁን ልመልስለት።

ንስር በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ኤስኤስ 433 የሚባል ጥንድ አለ፤ ከኛ 18,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አንዱ ግዙፍ ኮከብ ነው፤ ሌላው ትንሽ ግን እጅግ የታመቀ አካል ነው። በ13 ቀን አንዴ እርስ በርስ ይዞራሉ። ከግዙፉ የሚሳበው ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም፤ እየተሽከረከረ ጠፍጣፋ ዲስክ ይሠራል። ከዲስኩ መሃል ደሞ ጋዝ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራል።

ይሄ እንዴት ታወቀ? በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ብሩስ ማርጎንና ባልደረቦቹ ብርሃኑን ወደ ቀለማቱ በትነው አዩት። የሃይድሮጂን ቀይ መስመር ቦታው የታወቀ ነው፦ 656 ናኖሜትር። እዚህ ግን ሌሎች ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ የሸሸ፣ ቦታቸውም ከቀን ቀን የሚለዋወጥ። ወደኛ ከሚመጣ ነገር የሚወጣ ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ ከሚርቅ ነገር የሚወጣ ደሞ ወደ ቀይ ይሸሻል። ስለዚህ አንዱ ጋዝ ወደኛ ይመጣል፣ ሌላው ይሸሻል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲሰላ በሰከንድ 78,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የብርሃን ፍጥነት ሩብ! መስመሮቹ የሚንቀሳቀሱት ደሞ የጋዙ አቅጣጫ እንደሚንገዳገድ እንዝርት በ162 ቀን ገደማ አንዴ ስለሚዞር ነው።

ማንም አልሄደም። መስመር ነው የለኩት።

እኛ ግን ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፈን «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል» እንላለን። «ላብራቶሪ የለም» የሚለው ሰበብ እውነት ነው፤ ግን የተጣለ ሲዲና ካርቶን አለ። ካርቶኑን በቀጭኑ ሰንጥቆ ብርሃኑን ሲዲው ላይ ማሳረፍ ነው። የሻማ ብርሃን ያልተቋረጠ የቀለም ሪባን ይሰጣል፤ የፍሎረሰንት መብራት ግን ደማቅ፣ የተነጣጠሉ መስመሮች ያሳያል። ልጁ በዓይኑ ያየዋል።

«ሲላበስ እንዴት ይሸፈናል?» የምትሉኝ መምህራን እውነት አላችሁ፤ ጊዜው አይበቃም። ግን «በምን አወቁት?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ነገ በየቴሌግራሙ የሚለቀቀውንም ወሬ እንዲሁ ይጠይቃል። ይሄን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ከገደልነው ውጪ ማን ያስተምረዋል?

ሰኞ ሲዲዬን ይዤ እገባለሁ፤ መጀመሪያ ግን ልጁን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቤታችሁ አሮጌ ሲዲ ያላችሁ እንዳትጥሉት፣ ለተማሪዎቼ እፈልገዋለሁ።