መግለጫውን ሰምተናል፤ አሁን ሪፖርቱ ይምጣ

ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኢንጂነር ስመኘው በቀለ የአሟሟት ምርመራ ሙሉ ሪፖርት ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ክቡር ኮሚሽነር ጄኔራል፣

ነገሩን እርስዎም መሥሪያ ቤትዎም ስለምታውቁት ከሥሩ እየተረክሁ ጊዜዎን አልሻማም። ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የወቅቱ ኮሚሽነር ጄኔራል ዘይኑ ጀማል ጋዜጠኞች ሰብስበው የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው ራሳቸውን አጠፉ አሉ። አዳራሹ ተበተነ፣ ዜናው ተነበበ፣ አዲስ ዓመት ገባ። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በደስታ ተመረቀ፤ እሰየው። የምርመራው ሪፖርት ግን እስከ ዛሬ በእኛ እጅ አልገባም። በእጃችን ያለው መግለጫ ነው። መግለጫና ሪፖርት አንድ አለመሆናቸውን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በላይ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ከሰባት ዓመት በላይ በትዕግሥት ጠብቀን መልስ ስላላገኘን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

ይህን የሚያነብ የጎንደር ሰው «ተገድለዋል» እንድል ይጠብቅ ይሆናል። አልልም። ማስረጃ ሳላይ ተገደሉ ብል፣ ማስረጃ ሳያሳየኝ እመነኝ ካለኝ ሰው በምን እሻላለሁ? ራሳቸውን አጥፍተውም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የማክሰኚት ሰው፣ ወልዶ ያሳደጋቸው አገር፣ እውነቱን በወረቀት ላይ አንብቦ የመቀበል መብት አለው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መስቀል አደባባይ፣ ላንድ ክሩዘር መኪና ውስጥ ሞተው ተገኙ። በዚያው ዕለት ከቀኝ ጆሯቸው በስተኋላ የጥይት ቁስል እንዳለና ኮልት ሽጉጥ እንደተገኘ ተነገረን። ቁስሉ ከጆሮ ኋላ ነው ሲባል የሰማ ሁሉ የየራሱን ፍርድ ሰጠ፤ ቡና ላይም ጠጅ ቤትም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ሆኖም የቁስሉ ቦታ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ርቀቱ ነው። አፈሙዙ ቆዳ ነክቶ ሲተኮስ ጥቀርሻውና ጋዙ ወደ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ አጥንት ባለበት ስፍራ ቆዳው ይሰነጣጠቃል፤ አንዳንዴ የአፈሙዙ ቅርጽ ራሱ ታትሞ ይቀራል። ትንሽ ራቅ ካለ ያልነደደ የባሩድ ቅንጣት በቁስሉ ዙሪያ ቆዳውን ይነቅሰዋል። ከዚያም ከራቀ የሚቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህ በአስከሬን ምርመራ ወረቀት ላይ ከሁሉ በፊት የሚጻፍ ነገር ነው። ሐኪሙ ምን ጻፉ? በየትኛው ሆስፒታል? ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት ፎቶ ተነሥቷል?

እጃቸውስ? ሽጉጥ ሲተኮስ የእርሳስ፣ የባሪየምና የአንቲሞኒ ደቃቅ ቅንጣት በተኳሹ እጅ ላይ ያርፋል። በሕይወት ያለ ሰው እጁን ሲያፋትግ፣ ኪሱ ሲከት፣ ሲታጠብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያራግፈዋል። የሟች እጅ ግን ወዲያው በወረቀት ከረጢት ከተጠቀለለ ቅንጣቱን ይዞ ይቆያል። በወረቀት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፕላስቲክ ያልበውና ምልክቱን ያበላሸዋል። በዚያ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ባሩዱን በወንበሩም በመሪውም በልብሱም ላይ ይበትናል። ስለዚህ «እጁ ላይ ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመር ቢኖር እንኳ አይበቃም፤ በየትኛው እጅ፣ በመዳፍ ነው ወይስ በአይበሉባ፣ ምን ያህል፣ ናሙናው በስንት ሰዓት ተወሰደ የሚለው ሁሉ ይጠየቃል።

ሽጉጡ የራሳቸው ነው ተባለ። የማን እንደሆነ መዝገብ ይናገራል። ያን ጥይት የተኮሰው እሱ መሆኑን የሚናገረው ግን ጥይቱ በበርሜሉ ውስጥ ሲሽከረከር የተጫረው ጭረትና መቺው በቀለሃው ላይ የተወው ምልክት ነው። ሁለቱ በማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን ተያይተዋል? ቀለሃው ከየት ተነሣ፣ ከወንበር ሥር ነው ከበሩ ጥግ? ጥይቱ የት ቆመ? ክቡርነትዎ፣ ወገራ ላይ ያደገ ጎልማሳ ቀለሃ በመዳፉ አገላብጦ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ስለ ጥይት በግማሽ ገጽ ወረቀት ማሳመን ይከብዳል።

በሮቹም ከውስጥ ተቆልፈው ነበር ተባልን። ይህ የመግለጫው ምሰሶ ስለነበር ረጋ ብዬ ልጠይቅ። የዘመኑ መኪና በሪሞት ከውጭም ይቆለፋል። ቁልፉ የት ተገኘ? ሁለተኛ ቁልፍ ነበር? ካለስ ያን ጠዋት በማን እጅ ነበር? በሩን የከፈተው ማን ነው፣ በምን ከፈተው፣ ከመክፈቱ በፊትስ ከእጀታው ላይ አሻራ ተነሥቷል? የስልካቸውን የመጨረሻ ጥሪዎች፣ ስልኩ በየትኛው የኔትወርክ ምሰሶ ሥር እንዳለፈ፣ መኪናው አደባባዩ የደረሰበትን ሰዓት፣ የአስከሬኑን ሙቀትና ድርቀት አንድ ላይ አስቀምጦ የዚያን ዕለት ሁኔታ ሰዓት በሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቷል? በከተማይቱ እምብርት ባለ አደባባይ ዙሪያ የነበሩት ካሜራዎችስ ምን አዩ? ካላዩ፣ የማየት ኃላፊነት የነበረበት ማን ነበር? ተጠየቀ?

ያን ዕለት ሕዝብ አደባባዩን ሞልቶት ነበር። አልፈርድበትም፤ አዝኖ ነው። የወንጀል ስፍራን አጥሮ መጠበቅ ግን የሐዘንተኛ ሥራ አይደለም። ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር በ1910 እ.ኤ.አ. ሊዮን ከተማ ውስጥ የፖሊስ ላቦራቶሪ ሲከፍት የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ አንዳች ነገር ሳይተው አይለያዩም። ይህ ሐሳብ ለመርማሪ ተስፋ የሚሆነውን ያህል ስጋትም ነው፤ ከድርጊቱ በኋላ የመጣ እግር ሁሉ የራሱን ምልክት ይጨምርበታልና። ስለዚህ ስፍራውን የሚያጥረው ገመድ በስንት ሰዓት ተወጠረ? ከዚያ በፊትስ ወደ መኪናው ማን ማን ቀረበ? ስማቸው በመዝገብ ላይ መኖር አለበት።

የማይቻል ነገር እንዳልጠየቅሁ መሥሪያ ቤትዎ ራሱ ምስክሬ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው መስቀል አደባባይ በድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባለሙያዎች ምርመራውን እንዲያግዙ መጥተዋል። ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በዚያው አስፋልት ላይ፣ በአገሪቱ ትልቁ ፕሮጀክት ኃላፊ አስከሬን ዙሪያ የውጭ ዓይን ለምን አላስፈለገም? ወይስ ነበረና አልተነገረንም? ደግሞም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ የመረጃ ሳጥኖቹ ፓሪስ ተልከው፣ መጋቢት 26 ቀን የመጀመሪያው ሪፖርት ታትሞ ወጣ። አብራሪው ምን እንደነካ፣ መሣሪያው ምን እንደመለሰ፣ ከነሰዓቱ ተጽፎ ዓለም አነበበው። ቦይንግን የሚያህል ኩባንያ ያሸነፍነው በመግለጫ አልነበረም። ያን ሪፖርት የጻፈች አገር ይህኛውን መጻፍ ያቅታታል ብሎ የሚያምን ሰው የለም።

ቤተሰቡን የሚመለከት፣ ከሐዘን በላይ ሐዘን የሚጨምር ገጽ ይኖር ይሆናል። ይጋረድ፤ ማንም ጨዋ ሰው እሱን አይጠይቅም። ለሚጋረደው ገጽ ሲባል ሌላው ሁሉ ሊቀበር ግን አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ምርመራው በሂደት ላይ ነው የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም፤ ተጠናቋል ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

አባቶቻችን ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። ሌባ ሻይ ነበራቸው፤ ልጅን መድኃኒት አጠጥተው፣ በመቀነት ይዘው፣ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይሉ ነበር። የስንቱን ንጹሕ ቤት እንዳፈረሰ እግዜር ይወቀው፤ በጊዜው መከልከሉም ደግ ሆነ። አውጫጭኝም ነበራቸው። አገሬው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን ይናገራል፣ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ቂመኛም ተጠቅሞበታል። ቢያንስ ግን ምስክሩ የተነገረው ሁሉ በሚሰማበት ሜዳ ላይ ነበር። እኛ ዛሬ ማይክሮስኮፕ ይዘን ከአውጫጭኝ ያነሰ ግልጽነት ላይ መቆማችን ያሳፍራል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቃሉን ላለሰልሰው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ፣ በካሜራና በጋዜጠኛ ፊት እንዲህ ከሆነ፣ በሰሜን ጎንደር ገጠር፣ በየዳና ጃናሞራ ላይ ምን ይሆናል? ሰው ተገድሎ ሲገኝ መጀመሪያ የሚደርሰው ለቅሶ ደራሽ ነው፤ ሬሳው ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ይገነዛል። ሚሊሻው ሲመጣ ደሙ በአፈር ተሸፍኗል። ለብዙ ዘመን የረቀቀ ምርመራ የፈለገ አስከሬን ከየአገሩ ተጭኖ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይላክ ነበር፤ ከራስ ደጀን ሥር ተነሥቶ ያን መንገድ የሚጓዝ ሬሳ ምን ማስረጃ ይዞ እንደሚደርስ ባለሙያ መጠየቅ አያሻም። ስለዚህ መዝገቡ በምስክር ቃልና በተጠርጣሪ እምነት ቃል ላይ ብቻ ይቆማል። ምስክሩ ዘመድ ነው ወይም ደመኛ። የእምነት ቃል እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ አላስረዳዎትም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍርድ ቤት በማስረጃ ጉድለት ሲለቅ የሟች ወንድም ጠመንጃውን ያወርዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚመታው የገዳዩ የአጎት ልጅ ነው፣ ያን ቀን ገበያ የዋለው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ታግታ በተገደለች ሕፃን የተነሣ ጎንደር ከተማ በቁጣ ስትወጣ የተሰማው ጩኸትም ከዚሁ ምንጭ የፈለቀ ነው፤ ሕዝቡ መርማሪውን አያምንም።

ስለሆነም የምንጠይቀው ከጀመርንበት ሰፍቷል፤ የሰፋው በእኛ ጥፋት አይደለም። የኢንጂነር ስመኘው የምርመራ ሪፖርት ከአስከሬን ምርመራው፣ ከጥይት ምርመራው፣ ከስልክና ከካሜራ መዝገቡ ጋር ይውጣ። ሽጉጡ፣ ጥይቱ፣ ቀለሃውና መኪናው ዛሬ የት እንዳሉ፣ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ በምን ፊርማ እንደተላለፉ ይገለጽ፤ ጠፍተው ከሆነ መጥፋታቸው ይነገረን። መዝገቡን ከፖሊስ ውጭ የሆኑ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም የተውጣጡ የፎረንሲክ ሐኪሞች ይመርምሩት። ከእንግዲህ ሕዝብን ያነጋገረ ሞት ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ሪፖርት እንዲዘጋ ሕግ ይውጣ፤ ምክር ቤቱም ይህን ይስማ። ምርመራ ሳያልቅ ተጠርጣሪን በቴሌቪዥን ማናዘዝ ይቁም። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ያስመረቃችሁት ዘመናዊ የፎረንሲክ ማዕከል ለጎንደርም ቅርንጫፍ ይኑረው፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ኮሌጅ ባለበት ከተማ የፎረንሲክ ሐኪም ማሠልጠን አይከብድም። ማዕከሉም ከመርማሪው ትእዛዝ ነፃ ይሁን፤ መርማሪው የሚፈልገውን ውጤት የሚያዝበት ላቦራቶሪ ማኅተም ከመሆን አያልፍም። ከዳባት እስከ አዲርቃይ ያለው የቀበሌ ሚሊሻ ገመድ፣ የወረቀት ከረጢትና የእጅ ጓንት ይሰጠው፤ እነዚህ እንኳ ውድ አይደሉም። ቀሳውስቱም ከግነዛ በፊት ፖሊስ ይጠበቅ ብለው እንዲያስተምሩ ይጠየቁ፤ ሕዝቡ የሚሰማው እነሱን ነው። ያልተፈቱ የግድያና የእገታ መዝገቦች ቁጥር በየዓመቱ በየዞኑ ይታተም።

መልስዎን ለእኔ መላክ አያስፈልግም፤ ለሕዝብ ያውጡት። አዋጁ ለመረጃ ጥያቄ የሚሰጠው 30 ቀን ይህ ደብዳቤ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ እየተቆጠረ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን
ለማክሰኚት፣ ለጎንደርና ለደባርቅ ሕዝብ